ድርሳን ዘዶሮ ተራ፤ የማሳመን ጥበብ ክለሳ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች

መቅድም

የእንግሊዝኛ ተማሪ ፈተና ሲደርስ ኢቶስ፣ ፓቶስና ሎጎስ የሚባሉትን ሦስት የግሪክ ቃላት ሸምድዶ ይገባል፤ ሲወጣም እዚያው ጥሏቸው ይወጣል። ኢቶስ የተናጋሪው ተአማኒነት፣ ፓቶስ የሰሚው ስሜት፣ ሎጎስ የነገሩ ምክንያት መሆኑን እስከ ፈተናው ዕለት አሳምሮ ያውቃል። በሳምንቱ እናቱ ሾላ ገበያ ይዛው ሄዳ ዶሮ ስትገዛ ግን ሦስቱም በፊቱ ሲያልፉ አያውቃቸውም። እሱ ዘንቢሉን ይዞ ስልኩን ይነካካል። ይህ ድርሳን የተጻፈው ለእሱ ነው።

እኛ የዚህ ድርሳን ደራሲ ለዚህ ታላቅ ሥራ ብቁ መሆናችንን አስቀድመን ማስረዳት ይገባናል፤ ይህን ማድረጋችን ራሱ ኢቶስ ነውና ተማሪው ልብ ይበል። አርስቶትል ስለ አነጋገር ጥበብ የጻፈውን መጽሐፍ ሦስቱንም ክፍሎች አንብበናል። ዶሮም በልተናል። በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና ከእኛ በፊት በዚህ ጥልቀት የመረመረ ሊቅ ስለ መኖሩ ማስረጃ አልፈለግንም፤ ስላልፈለግንም አላገኘንም።

ምዕራፍ አንድ፤ ጥበቡ ከላባ ወገን መሆኑ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት፣ በሲሲሊ ደሴት በሲራኩስ ከተማ፣ አምባገነኖቹ ወድቀው ሕዝቡ የተነጠቀውን መሬት ለማስመለስ ፍርድ ቤት ሲጎርፍ፣ ኮራክስ የሚባል ሰው ሙግት ማስተማር ጀመረ ይባላል። (የመሬት ነገር ጠበቃ እንደሚያበዛ የእኛም አገር ታውቃለች፤ ይህን ለሌላ ድርሳን እናቆየው።) ቲስያስ የሚባል ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ክፍያውን አልከፍልም አለ። ተካሰሱ። ቲስያስ ቆሞ፣ ባሸንፍ በፍርዱ መሠረት አልከፍልም፣ ብሸነፍም ሙግት አላስተማረኝም ማለት ነውና አልከፍልም ሲል ተከራከረ። ኮራክስ በበኩሉ፣ ባሸንፍ በፍርዱ መሠረት ይከፍለኛል፣ ብሸነፍም መምህሩን የሚረታ አድርጌ አስተምሬዋለሁና ይከፍለኛል አለ። ዳኞቹ ነገሩ ሲሰለቻቸው ሁለቱንም ከችሎት አባረሯቸው፤ ያባረሯቸውም ከክፉ ቁራ የተጣለ ክፉ እንቁላል ብለው ነው ይባላል፤ ኮራክስ በግሪክኛ ቁራ ነውና። እንግዲህ የዚህ ጥበብ የመጀመሪያው ዝነኛ ፍርድ ስለ ወፍና ስለ እንቁላል ነበር።

በዚህ አላበቃም። ፕላቶ ሰው ማለት ላባ የሌለው ባለ ሁለት እግር እንስሳ ነው ብሎ ሲበይን፣ ፈላስፋው ዲዮጋንስ አንድ አውራ ዶሮ ላባውን ነጭቶ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዞ መጣና የፕላቶ ሰው ይኸውላችሁ አለ፤ ከዚያ በኋላ ብያኔው ላይ ሰፊ ጥፍር ያለው የሚል ተጨመረበት። በአንድ ተቃራኒ ምሳሌ አጠቃላይ አባባልን ማፍረስ ማለት ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የማፍረሻ ምሳሌ በየትኛውም የእንግሊዝኛ መማሪያ አላየንም። ሶቅራጥስም መርዙን ጠጥቶ ሊሞት ሲል ለወዳጁ ለክሪቶን የተናዘዘው ለፈውስ አምላክ ለአስክሊጲዮስ የሚከፈል የአውራ ዶሮ ዕዳ እንዳለባቸው ነበር። ሊቃውንት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ይነታረካሉ። እኛን የሚቆጨን ሌላ ነው፤ ፕላቶ የዶሮውን ዋጋ ሳይጽፍልን ቀረ።

ምዕራፍ ሁለት፤ ኢቶስ፣ ወይም ደንበኛዬ አይደለሽ እንዴ

ዕለቱ ቀዳም ስዑር ነው። ሁዳዴ 55 ቀኑን ሊጨርስ ሌሊቱ ብቻ ቀርቷል። ገዥዋ በነጠላ የተሸፈኑ፣ ግንባራቸው ላይ ቄጤማ ያሰሩ፣ ስድሳውን የተሻገሩ እናት ናቸው። ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ ከእግሩ ሥር አውራ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ተጋድመዋል፤ ቀይ፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ አንድም ነጭ።

«ይምጡ እናቴ፣ ይዩ፣ ማየት አያስከፍልም» ይላል ሻጩ። እሳቸው ጠጋ ሲሉ ድምፁ ይለወጣል። «ውይ! ደንበኛዬ አይደለሽ እንዴ? ለገና ከኔ አይደል የወሰድሽው?» ለገና ከእሱ አልወሰዱም። እሱም ያውቃል፤ እሳቸውም ማወቁን ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ተማሪው እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስተውል። ከ«ይምጡ» ወደ «አይደለሽ» የተደረገው ሽግግር ንቀት አይደለም፤ በሁለት ዐረፍተ ነገር መካከል የተፈጸመ የጡት ልጅነት ነው። ድርድሩ ሲከር ደግሞ ሻጩ «እንደፈለጉ እማማ» ብሎ ወደ አንቱታው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ አክብሮቱ ራሱ ኩርፊያ ይሆናል። እንግሊዞች አንተን፣ አንቺንና አንቱን በአንድ ቃል ጠቅልለው ስለሚጠሩ ይህን መሣሪያ አጥተዋል፤ በዚህ እናዝንላቸዋለን። ተማሪው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ያንኑ ሥራ በቃላት ምርጫና በድምፅ ቃና መሥራት ግድ ይሆንበታል፤ መምህሩ ቃና እያለ የሚጨቀጭቀውም ለዚህ ነው።

አርስቶትል ኢቶስ ከተናጋሪው የቀደመ ዝና ሳይሆን ከራሱ ከንግግሩ መወለድ አለበት ይላል። ተአማኒነትንም በሦስት ይከፍለዋል፤ ማስተዋል፣ መልካም ምግባር፣ ለሰሚው በጎ ማሰብ። ብዙ ተማሪዎች ይህን ክፍል ዘለውት ያልፋሉ። የሾላው ጎረምሳ ግን በአንድ ትንፋሽ ሦስቱንም ከነቅደም ተከተላቸው ፈጸማቸው። «ዶሮ እኔ አላውቅም እንዴ? በፋሲካ ዋሽቼስ የት እገባለሁ? አንቺን ብዬ እኮ ነው እንጂ ለሌላ ሰው በዚህ አልሰጥም።»

የገዥዋ ኢቶስ ግን ቃል የለውም። ጎንበስ ብለው ገብስማውን በክንፉ ያነሡታል። ደረቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ያደርጋሉ፤ ኩክኔውን ያያሉ፤ በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይመዝኑታል። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ መልሰው ያስቀምጡታል። ይህ ዝምታ «እኔ ስንቱን ዶሮ ገነጣጥያለሁ» ይላል። የግሪኩ አንደበተ ርቱዕ ዴሞስቴንስ ከአነጋገር ጥበብ ዋናው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ አቀራረብ አለ፤ ሁለተኛውስ ሲሉት አቀራረብ፣ ሦስተኛውስ ሲሉት አሁንም አቀራረብ አለ ይባላል። ዴሞስቴንስ ዶሮ ሲመዝን ያየው ሰው ስለ መኖሩ የተጻፈ የለም።

እዚህ ላይ ከገበያው ለጥቂት እንውጣና ስለ ኢቶስ አንድ ከባድ ነገር እንናገር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ንግግራቸውን በሚገባ በሚያውቁት በፈረንሳይኛ ማድረግ ይችሉ ነበር፤ በአማርኛ አደረጉት። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሲሞክሩ ጸጥታው እስኪመለስ ቆመው ጠበቁ። አንድ የአገር መሪ ራሱ በዚያ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ሲናገር የመጀመሪያው መሆኑን ራሳቸው ጠቀሱ። ማንነት፣ ምክንያትና ስሜት ከዚህ በላይ በአንድ ንግግር ሲገናኙ የታየው ጥቂት ጊዜ ነው። ማኅበሩ በዚያው ሰሞን በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሳት ወሰነ። ሰሚው አስቀድሞ ልቡን ከቆለፈ ምርጥ ንግግርም በር ላይ ይቀራል፤ የማሳመን መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ይህን የሚናገሩት በዝግታና በግርጌ ነው።

ወደ ዶሮዎቻችን እንመለስ።

ምዕራፍ ሦስት፤ ፓቶስ

«እናቴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ እህል በአፌ አልዞረም።»

«እኔስ ልጄ? በጡረታ ብር አይደል የምኖረው።»

ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሁለት ሐዘን ፊት ለፊት ሲገጥም አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል፤ ዋጋው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጀማሪ ተማሪ በድርሰቱ ላይ እንባ ብቻ ሲያዘንብ የሚገጥመው ይኸው ነው፤ አራሚውም የራሱ ችግር አለበት።

አርስቶትል በሁለተኛው ክፍል ስሜትን በጥቅሉ አልተወውም። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ኀፍረትን፣ ርኅራኄን፣ ቅናትን አንድ በአንድ እያነሣ፣ ሰው በምን ሁኔታ፣ በማን ላይ፣ በምን ምክንያት እንዲህ እንደሚሰማው ይጠይቃል። ጎረምሳውም ርኅራኄ እንዳልሠራ ሲያይ ወደ ኀፍረት ተሻገረ። ገዥዋ በዓይናቸው ወደ አንዲት ቄብ ሲያዘነብሉ፣ «ይቺን? ለእንግዳ? አሥራ ሁለት ብልት ይወጣታል እንዴ ይቺ?» አላቸው። ይህ ንግግር የተወረወረው ወደ እሳቸው አይደለም፤ ነገ ማለዳ ገበታው ዙሪያ ወደሚቀመጡት፣ ብልቱን በዓይናቸው ወደሚቆጥሩት አማቾች ነው። ጥሩ ፓቶስ እዚያ የሌለውን ሰው ጠርቶ ያመጣል።

እንግዲህ በዚህ ቦታ «ሻጩ ፓቶስ ተጠቅሟል» ብሎ ጽፎ እስክሪብቶውን የሚያስቀምጥ ተማሪ ምን ሠራ? ወጥ ቀምሶ በርበሬ አለው እንዳለ ሰው ነው። ስንት? መቼ ገባ? ቁሌቱ ላይ ነው ወይስ ኋላ? ማን ሊበላው? ተማሪዎቻችን ስም የመለጠፍ በሽታ አለባቸው፤ በሽታውንም ያስያዛቸው ስም መለጠፍን ነጥብ የሚሰጥ ፈተና ነው። ይህን የምንለው በማንም ላይ ሳይሆን በሁሉም ላይ ነው።

ምዕራፍ አራት፤ ሎጎስ፣ ከነታላቁ ማፍረሻ

ሻጩ በሁለት ሺህ ብር ጀመረ፤ ገዥዋ ሺህ አሉ። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ያህል እንያዛቸው እንጂ ገበያው ከእኛ መጽሐፍ ይልቅ ይፈጥናል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ሻጩ «መኖ ተወዷል» አለ።

እስጢፋን ቱልሚን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ክርክርን ሲገነጣጥል ከአቋሙና ከማስረጃው በተጨማሪ ሁለቱን የሚያያይዝ ድልድይ አለ ይላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሳይነገር ያልፋል። የሻጩ አቋም ሁለት ሺህ ይገባኛል ነው። ማስረጃው መኖ መወደዱ ነው። ያልተነገረው ድልድይ ይህ ዶሮ መኖ ተገዝቶለት አድጓል የሚለው ነው። አርስቶትልም ከፊሉ ተውጦ የሚነገረውንና ሰሚው ራሱ የሚሞላውን ክርክር የማሳመን ልብ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሰው ራሱ የሞላውን አይጠራጠርምና።

እሳቸው ግን ተጠራጠሩ። መጀመሪያ አመኑለት። «ልክ ነህ ልጄ፣ መኖማ እሳት ሆኗል።» ሻጩ ፊቱ በራ። ቀጠሉ። «ቅድም ግን የሐበሻ ነው፣ ከገጠር የመጣ፣ ጭሮ ያደገ ነው አላልኸኝም?» «አዎ፣ ንጹሕ የሐበሻ!» «ታዲያ ጭሮ ለሚያድር ዶሮ መኖውን የሚገዛለት ማን ነው?»

በአቅራቢያው ያለው ሻጭ ሳቀ። እኛም ማስታወሻችንን አወጣን። እኚህ እናት ማስረጃውን አልነኩም፤ መኖ ተወዷል። ድልድዩን ነው የሰበሩት፤ ያውም በሻጩ በራሱ ቃል። ተቃዋሚን በሚገባው መጠን አምኖ፣ ከዚያ ካመነው ነገር ላይ ተነሥቶ ማፍረስ በእንግሊዝኛው ድርሰት ብዙ ነጥብ የሚያስገኘው፣ ተማሪዎችም በብዛት የሚሸሹት ክፍል ነው። ተቃራኒ ሐሳብን ማንሳት ሽንፈት ይመስላቸዋል። አባቶቻችን በላ ልበልሃ እያሉ ማር፣ በቅሎና ፈረስ ተወራርደው ሲሟገቱ የባላጋራን ቃል አጥምዶ መያዝን ያውቁ ነበር፤ ጥያቄና መልሱ የተፈራው ለዚህ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ያንኑ ጥበብ በባዕድ ቋንቋ፣ በባዕድ ስም ሲማሩት እንደ አዲስ ነገር ይሸመድዱታል።

ስለ ሎጎስ ከዚህ በላይ የምንለው የለንም። በዶሮ ተራ ሎጎስ አጭር ነው።

ምዕራፍ አምስት፤ የንግግር ጌጦች

ምክንያቱ ሲደክም ጌጡ ይበረታል፤ ይህን ሕግ ያገኘነው እኛ ነን፤ በስማችን ቢጠራ አንቃወምም።

ሻጩ «መኖው ጨምሯል፣ ትራንስፖርቱ ጨምሯል፣ የቦታው ጨምሯል» ሲል ድግግሞሹ የወደቀው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ግሪኮች ይህን ኤፒስትሮፊ ይሉታል። በመጀመሪያ ላይ የሚመጣው ድግግሞሽ አናፎራ ነው፤ የእንግሊዝኛ ተማሪ ሁሉ ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 ዋሽንግተን ላይ ያደረጉትን ንግግር እየጠቀሰ ያውቀዋል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የመድረሻ ድግግሞሽ ለማንኛውም ነጋዴ ሳይለፋ ይመጣለታል፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ባለቤቱንና ግሱን ፊት ስለሚያስቀድም አናፎራው ይቀለዋል። ተማሪው በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ አናፎራ ሲሞክር የሚደናቀፍበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን፤ እንደ እኛ ላለ ሊቅ ጥርጣሬ ማለት ማስረጃ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።

«ዶሮ ነው የጠየቅሁህ ወይስ በሬ?» አሉ እናት፤ መልስ የማይሻ ጥያቄና ግነት በአንድ አንቀልባ። ሻጩ መልስ በማይሻው ጥያቄ ላይ መልስ ሰጠበት። «ቆሞ ሲሄድ ብታዪው በሬ ነበር የምትዪው!» የማይመለስ ጥያቄ የሚጠይቅ ጸሐፊ ይህን አደጋ ይወቅ፤ አንባቢው መልስ ካለው ጌጡ ይፈርሳል።

አሳንሶ ማመስገንን በተመለከተ የገዥዋ ትልቁ ውዳሴ «ክፉ አይደለም» የሚለው ነው። ከዚህ በላይ ማመስገን በዶሮ ተራ መቶ ብር ያስጨምራል። ምፀትም አለ፤ «በል እንግዲህ ስጦታ ነው በለኛ!»

እኛን ግን እጅግ ያስደሰተን አልናገርም እያሉ መናገር ነው፤ ሮማዊው ጠበቃ ሲሴሮ በችሎት አብዝቶ ይጠቀምበት የነበረው ዘዴ። እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ እንዲህ አሉ። «እዚያ ማዶ ያለው ልጅ በስንት እንዳለኝ አልነግርህም። ሺህ ሁለት መቶ ማለቱን ትቼዋለሁ። ያንተን ገበያ ላበላሽ አልመጣሁም።» ከዚህም ተከትሎ የተቆረጠ ንግግር መጣ። «ይሄን በሁለት ሺህ ገዝቼ ብገባ የልጆቼ አባት...» አልጨረሱም። ጎረምሳው የቀረውን በራሱ ጨረሰው፤ ምን ብሎ እንደ ጨረሰው ባናውቅም ዋጋው ወደ ሺህ ስድስት መቶ ወረደ።

ምዕራፍ ስድስት፤ የክርክር ስንፍናዎች

በዝርዝር አንሄድበትም፤ አንዱ ሻጭ በአንድ ደቂቃ ሁሉንም ይጨርሳቸዋል። «ሰው ሁሉ በዚህ እየገዛ ነው» የብዙኃን ማስረጃ ነው። «ወይ ይሄን ውሰጂ ወይ ፋሲካን በሽሮ ዋዪ» የውሸት ምርጫ ነው፤ በግ አለ፣ ቅርጫ አለ፣ ቄቧም እዚያው ተጋድማለች። «ድሮስ ጡረተኛ...» ብሎ የጀመረውን ግን ጓደኛው ክርኑን ጎሽሞ አስቆመው፤ ወደ ሰውየው ማንነት መዞር በገበያም በድርሰትም አሸንፎ አያውቅም፤ ዶሮውም አይሸጥም።

ምዕራፍ ሰባት፤ ስለ ጊዜ፣ ወይም አረማመድ

ግሪኮች ካይሮስ የሚሉት፣ ነገር የሚያዝበት ትክክለኛው ሰዓት፣ በፈተና እምብዛም አይጠየቅም፤ በመጽሐፎቹም አንድ አንቀጽ ይሰጠዋል። በእኛ አስተያየት ግን ሌሎቹን ሁሉ የሚገዛው እሱ ነው። ጠዋት ላይ ዶሮው የሻጩ ነው፤ ገዢ ይተራመሳል፣ ሻጩ ፊቱን አዙሮ ዋጋ ይጠራል። ሲመሽ ደግሞ ዶሮው ሻጩን ይይዘዋል። ነገ ፋሲካ ነው፤ ከነገ ወዲያ ዶሮ የሚፈልግ ሰው የለም፤ ያልተሸጠ ዶሮ ማደሪያ ይፈልጋል፣ ጥሬ ይፈልጋል፣ ሌሊት ይጮኻል። ገዥዋንም ጊዜው ያስራቸዋል፤ ዶሮው ታርዶ፣ ተነጭቶ፣ ተገነጣጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ቁሌቱ ደግሞ ሰዓታት ፈጅቶ ዶሮ ከመጮኹ በፊት መድረስ አለበት። ስለዚህ እጅግ ዘግይተው መምጣት አይችሉም። ብልህ ገዢ የሚመጣው ሻጩ መፍራት በጀመረባትና እሱ ራሱ ገና ባልፈራባት ጠባብ ሰዓት ነው። ያን ዕለት አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

እናት በዚያች ሰዓት ዞረው ሄዱ።

አካሄዳቸውን በቅርብ አጥንተናል። እግራቸው ይሄዳል፤ ጆሯቸው ግን ከሻጩ ዘንድ ቀርቷል። ፈጥነው አልተራመዱም፤ የሚፈጥን ሰው በእውነት የሄደ ይመስላልና አይጠራም። ዘግይተውም አልተራመዱም፤ የሚዘገይ ሰው እንዲጠሩት የሚለምን ይመስላልና ይናቃል። ሌላ ሻጭ ዘንድ ደርሰው ጎንበስ ሊሉ ሲሉ፣ ገና ዶሮውን ሳይነኩ፣ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«ነይ እሺ፣ ነይ እናቴ! ሺህ አራት መቶ ስጪኝና ውሰጂ፤ ስለ በዓሉ ብዬ ነው!»

ሲሴሮ ቢያይ ኖሮ ጥበቡን በአምስት ከፍሎ ባልቆመ ነበር፤ ማግኘት፣ ማደራጀት፣ ማስዋብ፣ ማስታወስ፣ ማቅረብ ካለ በኋላ ስድስተኛውን ዞሮ መሄድ ይለው ነበር ብለን እናምናለን።

የክለሳ ምደባ

ተማሪው ከበዓል ዋዜማዎች በአንዱ ገበያ ይውጣ። አንድ ድርድር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጥ፤ ስልኩን ኪሱ ያድርግ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፦ ዋጋው የወረደው በየትኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ነው? ያ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ሰዓት በፊት ቢነገር ይሠራ ነበር? ለሌላ ሰው ቢነገርስ? ማን ምን ሳይናገር ቀረ? ኢቶስ፣ ፓቶስና ሎጎስ የሚሉትን ቃላት ጨርሶ ሳይጠቅስ መጻፍ ለቻለ ተጨማሪ ነጥብ አለው።

በመጨረሻም ያዳመጠውን በተግባር ይሞክር፤ በራሱ ተከራክሮ አንድ አውራ ዶሮ፣ ቢቻል ገብስማ፣ ገዝቶ ከጽሑፉ ጋር ለመምህሩ ያስረክብ። ጽሑፉ ታርሞ ይመለሳል። ዶሮው በማስረጃነት ይያዛል።